የሰውነት ክፍሎችንና የስፖርት እንቅስቃሴ ቃላትን በእንግሊዝኛ መማር፦ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው የሰውነት ክፍሎችን ስም በእንግሊዝኛ ደጋግመው ሸምድደው፣ ጂም ውስጥ አሠልጣኙ ሲያዝዛቸው ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያማቸውን ቦታ ሲጠይቃቸው ግን ቃሉ ለሚጠፋባቸው ሰዎች ነው። አብዛኞቹ የሚቸገሩት የማስታወስ ችሎታ አንሷቸው አይደለም፤ በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላ በኩል እንግሊዝኛ የተደረደረበትን ዝርዝር ይዘው ስለሚጀምሩ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ገላን የሚከፋፍሉት በተለያየ ቦታ ላይ በመሆኑ፣ ቃል በቃል የተያዘ ዝርዝር ሐኪሙን ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። ስለዚህ ሥራው ከራስዎ ገላ ይጀምራል።

ከመጀመርዎ በፊት

ባዶ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ፣ ቁመትዎን በሙሉ የሚያሳይ መስተዋት፣ እንዲሁም ቃሉን በድምፅ የሚያሰማ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያለበት ስልክ ያዘጋጁ። ክንድዎንና እግርዎን ሳይጋጩ የሚዘረጉበት ባዶ ወለልም ያስፈልግዎታል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይመድቡ።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ቃላቱ ሁሉ በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ፊደላችን ግን ሁሉንም የእንግሊዝኛ ድምፅ አይዝም። በተለይ የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ገብቶ አየር ሲወጣ የሚሰማውን ድምፅ የሚወክል ፊደል የለንም። ይህ ድምፅ ባለበት የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ንጉሡን «ሠ» ተጠቅሜያለሁ፤ ምላስ እዚያው ሆኖ ድምፁ በጉሮሮ ሲነዝር ግን፣ እንደ «ቱጌዘር» እና «ብሪዝ» ባሉ ቃላት፣ በ«ዘ» ጽፌዋለሁ። ለምሳሌ ጭን «ሣይ»፣ የእጅ አውራ ጣት «ሣም»፣ ጉሮሮ «ሥሮት» ተብሎ ሲጻፍ፣ «ሠ»ን ሲያዩ ምላስዎን በጥርስዎ መካከል ያውጡ። «ሰ» ሲያዩ ግን ምላስዎ ከጥርስዎ ጀርባ ይቆይ።

ደረጃ 1፦ ካርታውን ይሳሉ

1. በደብተሩ በአንድ ገጽ ላይ የሰው ቅርጽ ከፊት፣ በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ከጀርባ ይሳሉ። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ግን ተለይተው መታየት አለባቸው።

2. ከእያንዳንዱ ክፍል መስመር ወደ ውጭ ያውጡና ጫፉን ባዶ ይተዉት። በአማርኛ ምንም አይጻፉበት። አማርኛው እዚያ ካለ ዓይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው ሁልጊዜ በትርጉም በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ይዘገያል።

3. ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ፈልገው ድምፁን ሦስት ጊዜ ይስሙ፤ ከዚያም በላቲን ፊደል አጻጻፉን ከመስመሩ ጫፍ ላይ ያስፍሩ። ድምፁን በፊደላችን መጻፍ ከፈለጉ በእርሳስ በትንሹ ከሥሩ ይጻፉት፤ ከሳምንት በኋላ ያጥፉት። ይህ የግድ ነው፤ ምክንያቱ ደረጃ 3 ላይ ይታያል።

4. በመጀመሪያው ሳምንት ከ30 ቃል አይለፉ። ጉበት፣ ቆሽትና ጣፊያ ይቆዩ። ለእንቅስቃሴም ሆነ ለሕመም ቀድመው የሚያስፈልጉት መጋጠሚያዎቹና ትልልቆቹ ጡንቻዎች ናቸው።

ደረጃ 2፦ ድንበሮቹን ያስተካክሉ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ አይዝለሉት። እያንዳንዱን አንቀጽ መስተዋት ፊት ቆመው፣ የተጠቀሰውን ቦታ በእጅዎ እየነኩ ያንብቡ።

እጅ። በአማርኛ «እጄ ተሰበረ» ያለ ሰው ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ የትኛውንም ቦታ ማለቱ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ግን የእጅ አንጓ ላይ ይቆርጠዋል። ከአንጓው በታች ያለው «ሃንድ» ነው፤ ከአንጓው በላይ እስከ ትከሻ ያለው «አርም» ነው። አርም ደግሞ ከክርን በታች «ፎርአርም»፣ ከክርን በላይ «አፐር አርም» ተብሎ ይከፈላል። ክርን «ኤልቦ»፣ አንጓው «ሪስት» ነው። በግራ እጅዎ የቀኝ አንጓዎን ይያዙና ወደ ታች እየጠቆሙ «ሃንድ»፣ ወደ ላይ እየጠቆሙ «አርም» ይበሉ። አሠልጣኙ «ሬይዝ ዩር አርምስ» ሲልዎ መዳፍዎን ብቻ ካነሡ ይህን ልምምድ ይድገሙት።

እግር። እዚህም ድንበሩ ቁርጭምጭሚት፣ ማለትም «አንክል» ላይ ነው። ከእሱ በታች ያለው «ፉት»፣ በላይ ያለው «ሌግ» ነው። ጉልበትዎን አሞዎት ሳለ «ማይ ፉት» ካሉ ነርሷ ጫማዎን እንዲያወልቁ ትጠይቅዎታለች፤ ምርመራውም ከውስጥ እግርዎ ይጀምራል። ሌግ ውስጥ ያሉትን አራቱን አብረው ይያዙ፤ ጭን «ሣይ»፣ ጉልበት «ኒ»፣ የቅልጥሙ ፊት «ሺን»፣ ከኋላ ያለው ባት ደግሞ «ካፍ» ነው። ተረከዝ «ሂል»፣ የውስጥ እግር «ሶል» ይባላል።

ጣት። የእጁ «ፊንገር»፣ የእግሩ «ቶ» ነው። አውራ ጣትም በእጅ ሲሆን «ሣም»፣ በእግር ሲሆን «ቢግ ቶ» ይባላል። በስልክና በኮምፒዩተር የሚገኙት ብዙዎቹ ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርቶች ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን በማሰብ የተዘጋጁ ናቸው፤ በእነዚያ ሲጠቀሙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስፓኒሽም የእጅና የእግር ጣትን በአንድ ቃል «ዴዶ» ስለሚል፣ ይህኛውን ልዩነት በደንብ ያብራራሉ። እጅንና ክንድን ግን ስፓኒሽ «ማኖ» እና «ብራሶ» እያለ ይለያቸዋል፤ እግርንም እንደዚሁ። በዚህ የተነሣ እኛ የምንወድቅበትን ቦታ እነዚያ ትምህርቶች እንደሚታወቅ ቆጥረው ያልፉታል።

ወገብ። መዝገበ ቃላት «ዌስት» ይልዎታል። ዌስት ቀበቶ የሚታሠርበትና ልብስ ሰፊ የሚለካው ዙሪያ ነው። «ወገቤን ያመኛል» ለማለት የሚፈልጉ ከሆነ ቃሉ «ሎወር ባክ» ነው፤ ከፍ ያለው የጀርባ ክፍል «አፐር ባክ» ይባላል። እግረ መንገዳችንን፣ ብዙ ሰው ወገቡን ሲያመው «ኩላሊቴን» ማለት ለምዷል። ይህን ወደ «ኪድኒ» አዙረው ከተናገሩ የሽንት ምርመራ ይታዘዝልዎታል፤ ጡንቻዎ ግን ሳይታይ ይቀራል። የታወቀ የኩላሊት ሕመም ከሌለብዎ ቦታውን በእጅዎ እያሳዩ «ሂር፣ ኢን ማይ ሎወር ባክ» ይበሉ።

ልብ። በአማርኛ «ልቤን ያቃጥለኛል» ስንል ብዙውን ጊዜ የምናመለክተው ከደረት አጥንት በታች ያለውን የጨጓራ አካባቢ ነው። «ማይ ሃርት» ካሉ ግን ሰሚው የሚረዳው ደም የሚረጨውን አካል ነው። ለጨጓራው «አፐር ስተመክ» ይበሉና «በርኒንግ» ብለው ይጨምሩበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሕመሙ በእርግጥ ደረትዎ ላይ ከሆነ፣ የሚጫን ከሆነ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ቃል ለመምረጥ ጊዜ አያባክኑ። «ቼስት ፔይን» ይበሉ፤ አሜሪካ ካሉ ወደ 911 ይደውሉ። እነዚህን ሁለት ቃላት ከሌላው ሁሉ በፊት ይያዙ።

ሆድ። «ስተመክ» ወይም «ቤሊ» ለዕለት ንግግር ይበቃል። ሐኪም «አብዶመን» ሲልም ያው ሆድ ነው። ጂም ውስጥ የሆድ ጡንቻ «አብስ» ሲባል፣ ሆድን፣ ወገብንና ጎንን አንድ ላይ የሚያቅፈው መሐል ሰውነት «ኮር» ይባላል።

አንገትና ጉሮሮ። ከውጭ ያለው «ኔክ»፣ ምግብና አየር የሚያልፍበት «ሥሮት» ነው። ማጅራት የራሱ የተለመደ ቃል ስለሌለው «ባክ ኦቭ ዘ ኔክ» ይባላል።

ዳሌና አካባቢው። ዳሌ «ሂፕ»፣ ብሽሽት «ግሮይን»፣ መቀመጫ ደግሞ በጂም ቋንቋ «ግሉትስ» ነው። እነዚህን ቃላት በሐፍረት የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ኳስ ለሚጫወትና ክብደት ለሚያነሣ ሰው ብሽሽት በተደጋጋሚ ከሚጎዱ ቦታዎች አንዱ ነው። «ግሉትስ»ም ሆነ «ግሮይን» አሠልጣኝም ሐኪምም ፊት ያለ ምንም ነውር የሚነገሩ ቃላት ናቸው።

ደረጃ 3፦ ድምፁን ያስተካክሉ

1. የማይነበቡትን ፊደሎች በካርታዎ ላይ በእስክሪፕቶ ይሰርዙ። ጉልበት በሚለው ቃል መጀመሪያ ያለው «ኬይ»፣ በአንጓ መጀመሪያ ያለው «ደብሊው»፣ በእጅ አውራ ጣት መጨረሻ ያለው «ቢ»፣ በባት መካከል ያለው «ኤል»፣ በጡንቻ መካከል ያለው «ሲ» አይነገሩም። ስለዚህ ጡንቻ «መስል» እንጂ «መስክል» አይደለም፤ መዳፍም በብዙዎች አነጋገር «ፓም» ነው።

2. የ«ሠ»ን ድምፅ መስተዋት ፊት ይለማመዱ። የምላስዎ ጫፍ በመስተዋቱ ውስጥ ካልታየዎት ድምፁ አልወጣም። ጭን የሚለውን ቃል በ«ሰ» ከተናገሩት ሰሚው «ተነፈሰ» የሚል ሊመስለው ይችላል፤ በ«ተ» ከተናገሩት ደግሞ ከረባት ይሆናል። ድምፁ አልወጣ ካለዎ አየሩን ሳያቋርጡ ለአምስት ሰከንድ ያውጡትና ከዚያ «አይ» ይበሉበት።

3. በ«ስ» የሚጀምሩ ቃላት ላይ «እ» አይጨምሩ። «እስኳት»፣ «እስትሬች»፣ «እስተመክ» የምንለው ከልማድ ነው፤ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም «ኤስኳት» በማለት ከዚሁ ችግር ይገባሉ። መፍትሔው «ስስስ» እያሉ አየሩን ማርዘምና ሳያቋርጡ ወደ ተከታዩ ድምፅ መግባት ነው።

4. አጭርና ረዥም አናባቢን ይለዩ። ዳሌ «ሂፕ» አጭር ነው፤ ካስረዘሙት ክምር ማለት ይሆናል። ተረከዝ «ሂል» ረዥም ነው፤ ካሳጠሩት ኮረብታ ይሆናል። አገጭን «ቺን»፣ የቅልጥምን ፊት «ሺን» ብለው ይለዩ። ቁርጭምጭሚትንና አጎትን በፊደላችን ብንጽፋቸው ሁለቱም «አንክል» ይሆናሉ፤ በቁርጭምጭሚት ጊዜ ግን አፍ በስፋት ይከፈትና ድምፁ በ«ኤ» እና በ«አ» መካከል ይወጣል። በእርሳስ የጻፉትን ያጥፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከአማርኛ ጋር የሚገጥሙ ድምፆች

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። «ፊት» በእንግሊዝኛ ጆሮ የ«ፉት» ብዙ ቁጥር፣ ማለትም ሁለት እግር ነው። አሠልጣኙ «ፊት ቱጌዘር» ሲል እግርዎን ያጋጥሙ እንጂ ፊትዎን አይንኩ። «ሴት» አንድ ዙር የእንቅስቃሴ ድግግሞሽ ነው። «ባት» ደግሞ በተራ ቋንቋ መቀመጫ ማለት ነው፤ «ባቴን ያዘኝ» ለማለት ፈልገው የአማርኛውን ቃል በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከጣሉት ሰሚው የሚረዳው ሌላ ቦታ ነው። «ክራንች» እኛ ዘንድ የተሰበረ ሰው የሚደገፍበት ምርኩዝ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን በጀርባ ተኝተው ትከሻን በማንሣት የሚሠሩት የሆድ እንቅስቃሴ ነው። ምርኩዙን ከፈለጉ «ክራችስ» ይበሉ። ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ክራንች ስጡኝ ሲል ምን ሊያስብ እንደሚችል ለፊዚዮቴራፒስቱ እተወዋለሁ።

ደረጃ 4፦ ትእዛዞቹን በገላዎ ይማሩ

የትእዛዝ ግሦችን ተቀምጠው አይማሩ። ቃሉን ድምፅ አውጥተው ይበሉ፤ ከድምፁ ጋር እኩል ይንቀሳቀሱ። በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ፤ ቀዳሚውን ጥንድ ያለ ስሕተት ሳይሠሩ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

1. «ቤንድ» ሲሉ ጉልበትዎን ወይም ክርንዎን ይጠፉ፤ «ስትሬትን» ሲሉ ይዘርጉ።

2. «ሬይዝ» ወይም «ሊፍት» ሲሉ ያንሡ፤ «ሎወር» ሲሉ ያውርዱ። «ሎወር» ሁለት ሥራ እንዳለው ያስተውሉ። «ሎወር ዩር አርም» ክንድዎን ያውርዱ ሲሆን «ዩር ሎወር ባክ» ወገብዎ ነው። ከ«ዩር» በፊት ከመጣ ትእዛዝ ነው፤ ከኋላው ከመጣ የቦታ መግለጫ ነው።

3. «ስኩዊዝ» ጡንቻን ጠበቅ ማድረግ ነው፤ «ሪላክስ» መልቀቅ።

4. «ሆልድ» ሲባሉ የሚጨበጥ ነገር አይፈልጉ፤ ባሉበት ሁኔታ ይቆዩ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ቁጥር ይከተለዋል፤ «ሆልድ ፎር ቴን ሰከንድስ» ከተባሉ አሥር ሰከንድ ሳይነቃነቁ ይቆዩ።

5. «ብሪዝ ኢን» አየር ያስገቡ፤ «ብሪዝ አውት» ያስወጡ። «ሆልድ ዩር ብሬሥ» በራጅ ክፍል የሚሰሙት ሲሆን ትንፋሽዎን ይያዙ ማለት ነው። ክብደት በሚያነሡበት ጊዜ ግን አሠልጣኙ ተቃራኒውን፣ «ዶንት ሆልድ ዩር ብሬሥ» ሊልዎት ይችላል፤ የመጀመሪያዋን «ዶንት» ካልሰሙ ትእዛዙን ገልብጠው ይፈጽማሉ።

6. አተኛኘቱን ይያዙ። «ላይ ኦን ዩር ባክ» በጀርባ፣ «ኦን ዩር ስተመክ» በሆድ፣ «ኦን ዩር ሳይድ» በጎን ነው።

7. በመጨረሻ አቋሙን ያክሉ። «ፊት ሾልደር ዊድሥ አፓርት» እግሮች በትከሻ ስፋት ልክ ይራራቁ፣ «ኪፕ ዩር ባክ ስትሬት» ጀርባ ቀጥ ይበል ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከቁጭ ብድግ፣ ማለትም ከ«ስኳት» በፊት ሁልጊዜ የሚነገሩ ናቸው።

እንግሊዝኛ ከሰውነት ክፍሉ በፊት «ዩር» ወይም «ማይ» ማስቀመጥ ይወዳል። ስፓኒሽ ተናጋሪ የማን እንደሆነ ሳይገልጽ «ክንዱን አንሣ» የሚል ልማድ ስላለው ይቸገርበታል፤ እኛ ግን «ክንድዎን» ስንል ባለቤትነቱ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ ይህ ነጥብ ይቀልልናል። ዝርዝሩን በዚህ ላይ አላበዛውም።

የሚረዳ ሰው ካለ ትእዛዙን እሱ ይበል፤ እርስዎ ይፈጽሙ። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ለዚህ በጣም ይጠቅማሉ፤ ስሕተት ሲሠሩም ይሉኝታ ይዟቸው ዝም አይሉም። ሰው ከሌለ ትእዛዞቹን በራስዎ ድምፅ በስልክ ይቅዱና ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቀው ያጫውቱ። ቀኝና ግራን፣ «ራይት» እና «ሌፍት»ን፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይጨምሩ። ፊት ለፊትዎ የቆመው አሠልጣኝ ግራውን ሲያነሣ እንደ መስተዋት ተከትለው ቀኝዎን ማንሣት ቀላል ስለሆነ፣ ዓይንዎን ጨፍነው በጆሮ ብቻ ይለማመዱ።

ደረጃ 5፦ ሕመምን መናገር

1. መዋቅሩን ይያዙ። «ጉልበቴን ያመኛል» በአማርኛ የሚያመው አካል ተሳቢ ነው። በእንግሊዝኛ ጉልበቱ ባለቤት ይሆናል፤ «ማይ ኒ ኸርትስ»። ሁለቱም ከሆኑ «ማይ ኒስ ኸርት»። «ኢት ፔይንስ ሚ ማይ ኒ» አይበሉ። በዚህ ከተቸገሩ ለሁሉም ቦታ የሚሠራውን «አይ ሃቭ ፔይን ኢን ማይ…» የሚለውን ይዘው ቦታውን ብቻ ይቀያይሩ።

2. «ኤክ» የሚለው ቅጥያ ሁሉም ቦታ አይገባም። «ሄድኤክ»፣ «ስተመክኤክ»፣ «ባክኤክ»፣ «ቱሥኤክ»፣ «ኢርኤክ» ይባላል፤ ከጉልበት፣ ከክንድ ወይም ከእግር ጋር ግን አይጣበቅም።

3. የሕመሙን ዓይነት ይምረጡ። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፤ እንግሊዝኛውም የራሱ አለው። ይወጋኛል «ስታቢንግ»፣ ያቃጥለኛል «በርኒንግ»፣ ይጠዘጥዘኛል «ሥሮቢንግ»፣ ይቆረጥመኛል «ኤኪንግ»፣ ይነዝረኛል «ቲንግሊንግ»፣ ደንዝዟል «ነም»፣ አልታጠፍ ብሏል «ስቲፍ»፣ አብጧል «ስዎለን» ነው።

4. የጉዳቱን ስም ይለዩ። ወለምታ፣ ማለትም በመጋጠሚያ ላይ ያለ ጅማት ሲጎዳ «ስፕሬን» ነው። በስፖርት ቤት ስትራፖ የምንለው የጡንቻ ጉዳት «ስትሬን» ወይም «ፑልድ መስል» ነው። ውልቃት «ዲስሎኬሽን»፣ ስብራት «ፍራክቸር» ይባላል። «ጅማቴ ዞረ» የሚለውን ቃል በቃል አይተርጉሙ፤ «አይ ፑልድ ኤ መስል» ይበሉና ቦታውን ያሳዩ።

5. «ብርድ መታኝ»ን ይተዉት። ትከሻው ተይዞበት «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ያለ ሰው ለጉንፋን ታክሞ ይመለሳል። ትከሻዎ ካልዞረ «ማይ ሾልደር ኢዝ ስቲፍ» ይበሉ።

6. ከስፖርት ማግሥት የሚመጣውን መሰባበር ከሕመም ይለዩ። መሰባበሩ «ሶር» ነው፤ «ማይ ሌግስ አር ሶር» ሲሉ አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ ይቀጥላል። «ፔይን» ካሉ ያስቆምዎታል። በእርግጥ የሚያምዎ ከሆነ ያስቁምዎ፤ ተጎድተው ሳለ «ሶር» ማለት ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው።

7. የቁጥር መለኪያውን ይዘጋጁበት። ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ዜሮ ምንም ሕመም የሌለበት፣ አሥር ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው ሕመም ነው። ለጨዋነት ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መጀመር ለእኛ ልማድ ነው፤ በእንግሊዝኛ «አይ አም ፋይን» ካሉ ግን መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው። ሰላምታውን በ«ሄሎ» ጨርሰው ወደ ቁጥሩ ይለፉ።

8. «አዎ»ን በትንፋሽ አይመልሱ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንለውን የማያውቅ ፊዚዮቴራፒስት፣ ጉልበትዎን እያጠፈ «ኢዝ ዚስ ኦኬይ?» ሲልዎ ያንን ድምፅ ከሰማ አሞት ነው ብሎ ይለቅዎታል። «የስ» ብለው በድምፅ ይመልሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ለዕለት ሕክምናና ለፊዚዮቴራፒ ይበቃሉ፤ ለቀዶ ጥገና ስምምነት፣ ለምርመራ ውጤትና ለመድኃኒት መመሪያ አይበቁም። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 በወጣው የጤና ክብካቤ ሕግ አንቀጽ 1557 መሠረት እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። «አይ ኒድ ኤን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ይበሉ፤ ቢቻል ቀጠሮ ሲይዙ ይንገሯቸው። ልጅዎን ለማስተርጎም አይውሰዱ፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን ለዚህ ሥራ መጠቀምን ደንቡም ይከለክላል።

ደረጃ 6፦ ጂም ውስጥ

1. ቁጥሩን በትክክል ይስሙ። አንድ ድግግሞሽ «ሬፕ»፣ አንድ ዙር «ሴት» ነው። «ሥሪ ሴትስ ኦቭ ቴን» ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አሥር ጊዜ ማለት ነው። በዙሮቹ መካከል ያለው ዕረፍት «ሬስት» ይባላል፤ ማሟሟቅ «ዋርም አፕ»፣ ማፍታታት «ስትሬች» ነው።

2. የክብደት መለኪያውን ያረጋግጡ። በአሜሪካ ጂሞች ክብደቱ የሚጻፈው በአብዛኛው በ«ፓውንድ» ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ያህል ይሆናል። ረዥሙ ብረት፣ ማለትም «ባርቤል»፣ ባዶውን 45 ፓውንድ ወይም 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከግራና ከቀኝ 45 ፓውንድ የሆኑ ክብ ብረቶች ከተጨመሩበት ጠቅላላው 135 ፓውንድ፣ ወደ 61 ኪሎ ነው። ብረቱን ራሱን ሳይቆጥሩ አያንሡ። በአንድ እጅ የሚያዘው አጭሩ «ደምቤል» ነው።

3. ሦስት ጥያቄዎችን ይያዙ። «አር ዩ ዩዚንግ ዚስ?» ሰው መሣሪያውን እየተጠቀመበት እንደሆነ መጠየቂያ ነው። «ካን አይ ዎርክ ኢን?» በእርስዎ ዕረፍት መካከል ልሥራበት ማለት ነው፤ የሥራ ቅጥር ጥያቄ አይምሰልዎት። «ካን ዩ ስፖት ሚ?» ደግሞ ከባድ ክብደት ሳነሣ ከላይ ቆመህ ጠብቀኝ የሚል ነው። ይህንን ሳይጠይቁ ደረትዎ ላይ ከባድ ብረት አያውርዱ። ብረቱ ከከበደዎ «ሄልፕ!» ብሎ መጮኽ አሳፋሪ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ክለሳውን ያዙሩ

አዲሱን ቃል በማግሥቱ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሰባተኛው፣ ከዚያ በአሥራ አራተኛው ቀን ይከልሱ። ክለሳ ማለት ማንበብ አይደለም። የካርታውን ቃላት በወረቀት ይሸፍኑ፣ በገላዎ ላይ ቦታውን ይንኩ፣ ቃሉን ይበሉ፣ ከዚያ ገልጠው ያረጋግጡ። የተሳሳቱት ቃል እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ቀን ይነሣል። እንደ አንኪ ያለ የስልክ ካርድ መተግበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ በካርዱ ፊት የሥዕሉን ቁራጭ ያድርጉ፤ የአማርኛ ቃል አያድርጉ።

ነገሩ ሲበላሽ

ቃሉን ሲያዩት ያውቁታል፣ ሲሰሙት ግን አያውቁትም። ይህ በጽሑፍ ብቻ የተማረ ሰው ምልክት ነው። ደብተሩን ለሦስት ቀን ይዝጉና በተቀዳ ድምፅ ብቻ ይሥሩ።

ሁለት ቃላት ይምታቱብዎታል። አንድ ቀን አብረው ስለተማሯቸው ሊሆን ይችላል። አንዱን ለሳምንት ይተዉት፤ ሌላው ሲጸና ይመልሱት።

አሠልጣኙ በፍጥነት ይናገራል። «ስሎውሊ፣ ፕሊዝ» ይበሉ። ካልሆነ «ካን ዩ ሾው ሚ?» ብለው ይጠይቁት፤ በእንቅስቃሴው ያሳይዎታል። እያሳየ የሚናገራቸውን ቃላት ያዳምጡ።

ቃሉ በምርመራው መካከል ጠፋብዎ። ቦታውን በአንድ ጣት ይንኩና «ሂር» ይበሉ። በመዳፍዎ ሰፊ ቦታ አይዳስሱ፤ ሐኪሙ የሚያምዎትን ነጥብ በትክክል ማወቅ ይፈልጋል። ሕመሙ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚሄድ ከሆነ ጣትዎን በመንገዱ እየጎተቱ «ፍሮም ሂር ቱ ሂር» ይበሉ። ቤት ሲመለሱ የጠፋብዎትን ቃል በዚያው ቀን ካርታው ላይ በቀይ ያክብቡት፤ የነገው ክለሳ ከእሱ ይጀምር።